ከሾላ ገበያ ጨው እስከ ማርስ
የሰው ልጅ የጠፈር ጉዞ ነገ የት ይደርሳል? የእኛስ ልጆች ድርሻ ምን ይሆናል?

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጊዜው ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። ሾላ ገበያ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅመማ ቅመሙ በየጆንያው ተከፍቶ ተደርድሯል፤ ዶሮው ይንጫጫል፤ ተሸካሚው "ዞር በሉ!" እያለ ሰዉን እየሰነጠቀ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጨውና ኮረሪማ ሊገዛ ከአንዲት እናት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ከፊቱ አንድ ሐጂ አሉ።

"አንድ ኪሎ በርበሬ ይበቃኝ ነበር" አሉ ሐጂ፤ "ግን ሦስት አድርጊልኝ። ረመዳን ሲቃረብ መወደዱ አይቀርም።"

የባለ ሱቋ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የፊዚክስ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ቀና ብላ ሐጂን ጠየቀቻቸው፦

"ሐጂ፣ ሰው ማርስ ላይ ሄዶ ይኖራል የሚባለው እውነት ነው? መምህራችን በእናንተ ዕድሜ ይሆናል ብሎናል።"

"ልጄ፣ የነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው" አሉ ሐጂ በለዘብታ። "ሰማዩን ለባለቤቱ ተዪለት።"

እናት ሚዛኑን እያስተካከለች ሣቀች። "ኧረ ይምከሩልኝ ሐጂ! በመጪው ዓመት 11ኛ ክፍል ትገባለች። የተፈጥሮ ሳይንስ ካልሆነ ብላ ሙጭጭ ብላለች። እሷ ሰማይ ሰማይ ስታይ ይህን ሱቅ ማን ሊይዝልኝ ነው?"

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። አንገቷን ደፍታ የታዘዘውን ጨው መዘነች።

ውድ አንባቢያን! ይህ ጥያቄ የአንዲት ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ ሮኬት ሲወነጨፍ እያዩ ይጠይቁናል። አንዳንዶቻችን "ዝም በል" እንላለን፤ ሌሎቻችን የሰማነውን ሁሉ እውነት ነው ብለን እንነግራቸዋለን። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብለን እንመልከተው።

መገመት ገይብን መናገር ነውን?

የሐጂ ቃል መሠረቱ ትክክል ነው። ገይብን፣ ማለትም ከፍጡር የተሰወረውን ነገር፣ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄዶ "ነገ ምን ይገጥመኛል?" ማለትን ኢስላም አጥብቆ ከልክሏል።

ነገር ግን ሐጂ ራሳቸው በዚያችው ቅጽበት ትንበያ ተናግረዋል። በርበሬ ረመዳን ሲቃረብ እንደሚወደድ ገምተው ሦስት ኪሎ ገዝተዋል። ይህ ገይብን ማወቅ አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታት አይቶ ለመጪው መዘጋጀት ነው። በየመስጂዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሰላት ሰዓት ሰሌዳም ለዓመቱ ሁሉ አስቀድሞ የተሰላ ነው። አላህ ፀሐይና ጨረቃን በማይዛነፍ ሥርዓት ስላስኬዳቸው፣ የፀሐይ ግርዶሽ የሚውልበት ቀንና ሰዓት ከብዙ ዓመታት በፊት ይታወቃል።

በጠንቋይና በሒሳብ አዋቂ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ጠንቋዩ ከየት እንዳመጣው አይናገርም፤ ሲሳሳትም አይታረምም። ሒሳብ አዋቂው ግን ስሌቱን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ ስህተት ያገኘበት ሰው ያርመዋል። ሙስሊም ደግሞ በላዩ "ኢንሻአላህ" ይጨምርበታል። "ኢንሻአላህ" የስንፍና ቃል አይደለችም፤ የአቅምን ወሰን የማወቅ ቃል ናት።

ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። የፀሐይ መንገድ አይዛነፍም፤ የሰው ልጅ ፈቃድና ኪስ ግን ይዛነፋል። ስለ ጠፈር ጉዞ የተነገሩ ብዙ ትንበያዎች የከሸፉት በዚህ ነው።

የትናንት ትንበያዎች ምን ደረሱ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚያዝያ 12 ቀን 1961 የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን በ108 ደቂቃ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። ስምንት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1969፣ ሁለት አሜሪካውያን ጨረቃ ላይ አረፉ። ዓለም በአድናቆት ተዋጠ። የጨረቃውን ሮኬት በመሥራት የታወቀው ቬርነር ፎን ብራውን በዚያው ዓመት ሰው በ1982 ማርስን እንደሚረግጥ የሚያሳይ ዝርዝር ዕቅድ አቀረበ። ስሌቱን የሠራው አላዋቂ አልነበረም። ነገር ግን ገንዘቡ አልተፈቀደም፤ የመንግሥት ልብም ወደ ሌላ ዞረ። የመጨረሻዎቹ የጨረቃ ተጓዦች በታኅሣሥ 1972 ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ማንም ጨረቃን ሳይረግጥ አለፈ። በጠቅላላው የረገጧት 12 ሰዎች ነበሩ።

በ1989 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ሰው ወደ ጨረቃ ተመልሶ ቀጥሎ ወደ ማርስ እንዲሄድ አወጁ። የወጪው ግምት ሲሰማ አዋጁ ቀዘቀዘ። በ2017 ባለ ሀብቱ ኢሎን ማስክ በ2024 ሰዎችን ወደ ማርስ ለመላክ እንደሚያልም ተናገረ። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ሰው ጨረቃ ላይ ይቆማል አለ። 2024 ሁለቱንም ሳያሳይ አለፈ።

ታዲያ ትንበያው ሁሉ ባዶ ወሬ ነበር ማለት ነው? አይደለም። በአብዛኛው የተሳሳተው መንገዱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ይሆናል የተባለው ነገር ዘገየ፤ ያልታሰበው ደግሞ ቀድሞ መጣ። ሰው ይሠራዋል የተባለውን ብዙ ሥራ መሣሪያ ወስዶታል። ዛሬ የአየር ጠባይ ዘገባ፣ የቴሌቪዥን ሥርጭት፣ በስልካችን መንገድ የሚያሳየን ካርታ፣ ሁሉም ከሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አንድ ሰው ዓመተ ምሕረት ጠቅሶ ሲናገር "ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ያልተፈታው ችግርስ የትኛው ነው?" ብለው መጠየቅን ይልመዱ።

ከፊታችን ያለው መንገድ

የመጀመሪያው ደረጃ ቅርቡ ሰማይ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከኅዳር 2000 አንሥቶ ለሩብ ምዕተ ዓመት ሰው ሳይለየው ቆይቷል። ቻይናም የራሷን ጣቢያ በ2022 ሠርታ አጠናቃለች። ዓለም አቀፉ ጣቢያ አርጅቷልና በ2030 ገደማ አገልግሎቱን እንዲያበቃ ታቅዷል፤ ቦታውን የግል ድርጅቶች ጣቢያዎች ይተኩታል ተብሎ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ጨረቃ ናት። አሜሪካ ከሌሎች አገሮች ጋር አርቴሚስ በተባለው መርሐ ግብር፣ ቻይናም በበኩሏ እስከ 2030 ሰው ለማሳረፍ ዕቅድ ይዘዋል። ዓይናቸውን የጣሉት በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ላይ ነው። በዚያ ፀሐይ ፈጽሞ በማታገኛቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለ። ውኃ ካለ ይጠጣል፤ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ኦክስጅን ይገኝበታል፤ ሃይድሮጅኑም ለሮኬት ነዳጅ ይሆናል። ከምድር ውኃ ጭኖ መሄድ ግን እያንዳንዷ ኪሎ እጅግ ውድ ናት።

ሦስተኛው ማርስ ነው። እዚህ ላይ ሥራው ይከብዳል። ማርስ ለእኛ ሲቀርብ 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሲርቅ 400 ሚሊዮን ይደርሳል። አመቺው የጉዞ ጊዜ የሚገኘው በየ26 ወሩ አንድ ጊዜ ነው። መሄጃው ብቻ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ደርሶ መልሱ ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ተጓዡ "አመመኝ" ብሎ ቢጣራ ድምፁ ምድር እስኪደርስ እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ክብደት በማይሰማበት ሁኔታ አካልን የሚሸከሙ አጥንቶች በየወሩ ከ1 በመቶ በላይ ሊሳሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ተጓዦች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራሉ። የጠፈር ጨረርም ሌላው ፈተና ነው።

አየሩስ? በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ተሽከርካሪ የማርስን አየር ወደ ኦክስጅን የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ይዛ ነበር። መሣሪያው እስከ 2023 በተደረጉ ሙከራዎች በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን ሠራ። በሾላ ሚዛን ብንመዝነው ሩብ ኪሎ በርበሬ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ሰው ቢሰጥ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ያስተነፍሰዋል። ነገር ግን በሌላ ዓለም ላይ ከዚያው ዓለም አየር የሚተነፈስ ነገር ሲሠራ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ የኛን ግምት እንናገር። ሰው ወደ ጨረቃ መመላለሱ በዛሬ ወጣቶች ዕድሜ የሚሆን ይመስላል። ጥቂት ሰዎች ማርስን ረግጠው መመለሳቸውም በዚሁ ትውልድ ዘመን ሊሆን ይችላል። ማርስ ላይ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ከተማ ገንብቶ መኖር ግን ከልጅ ልጆቻችንም የሚርቅ ሥራ ነው። ምድርን የሚተካ ሁለተኛ ቤት ተገኝቷል የሚላችሁን አትመኑ፤ ይህችን አማና ተንከባክቦ መያዝ ዛሬም ግዴታችን ነው።

ሰላትና ጾም ከምድር ውጭ

"ሰማዩን ለባለቤቱ ተዪለት" የሚለው ቃል አንድ ሌላ ፍርሃት በውስጡ አለው፤ ወደ ላይ መውጣት በአላህ ላይ መድፈር ይሆን? የሚል። ሰማይም ምድርም የአላህ ናቸው። ቁርአን በሰማያትና በምድር አፈጣጠር ላይ እንድናስተነትን ደጋግሞ ይጠራናል። ቀደምት ሙስሊሞችም ይህን ጥሪ ሰምተዋል። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ ስለ ከዋክብት የታወቀ መጽሐፍ የጻፉት በ10ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ብዙ ከዋክብት ዛሬም በዐረብኛ ስማቸው ይጠራሉ። ጨረቃ ላይ በአል-በታኒና በኢብን አል-ሀይሠም ስም የተሰየሙ ጉድጓዶች አሉ።

በዘመናችንም ሙስሊሞች ወጥተዋል። የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በሰኔ 1985፣ በረመዳን የመጨረሻ ቀናት፣ የመጀመሪያው ሙስሊም የጠፈር ተጓዥ ሆነው ወጡ። በ2007 የማሌዥያው የአጥንት ሐኪም ሸይኽ ሙዘፈር ሹኩር እንዲሁ በረመዳን ወደ ጠፈር ጣቢያው ሄዱ፤ ዒድንም እዚያው አከበሩ። ጣቢያው በ24 ሰዓት ውስጥ ምድርን 16 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ፀሐይ ብዙ ጊዜ ትወጣለች፤ ትጠልቃለችም። ታዲያ ሰላት እንዴት ይሆናል? የማሌዥያ ዑለማዎች ተሰብስበው መመሪያ አወጡ። የሰላቱ ሰዓት ሮኬቱ በተነሣበት ቦታ ይቆጠራል። ቂብላው በተቻለ መጠን ወደ ካዕባ፣ ካልሆነ ከካዕባ አናት ወደሚገኘው አቅጣጫ፣ ካልሆነ ወደ ምድር፣ እሱም ካልተቻለ ወደተመቸው ነው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ በምልክት ይሰግዳል። ጾሙን ወደ ምድር ሲመለስ ሊያወጣው ይችላል።

ፈቃዱ ግን ገደብ አለው። በ2014 አንድ የአውሮፓ ድርጅት መመለሻ የሌለው የማርስ ጉዞ አሰናዳለሁ ብሎ ሰዎችን ሲመዘግብ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የሃይማኖት ጉዳዮች ባለሥልጣን ይህ ራስን ለጥፋት መስጠት ነው ብሎ ከለከለ። ድርጅቱ በ2019 ከስሮ ፈረሰ። ዑለማዎቹ ጠፈርን አልከለከሉም፤ ነፍስን በከንቱ መጣልን እንጂ። ያችው አገር "ተስፋ" የተባለች መንኮራኩር በ2020 ልካ በየካቲት 2021 ማርስ አድርሳለች። የሳይንስ ቡድኑን የመራችው ሳራ አል-አሚሪ የምትባል ሙስሊም ሴት ናት። በግንቦት 2023 ደግሞ የሳዑዲዋ የሕክምና ተመራማሪ ረይያና በርናዊ ወደ ጠፈር ጣቢያው ወጥታ ተመልሳለች።

የኛው ጨው፣ የኛው ስም

"ይህ የሀብታሞች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። ልጅቷ የመዘነችውን ጨው እንመልከት። አገራችን የምትበላው ጨው አብዛኛው ከአፋር ምድር፣ ከአፍዴራ የሚመጣ ነው። በዚያው በአፋር ሰሜናዊ ጫፍ ዳሎል አለ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ቢጫና አረንጓዴ አሲድ የሚፈላበት የጨው ምድር ነው። ሙስሊሙ የአፋር ወንድማችን ለዘመናት ጨው ቆርጦ በግመል የጫነበት ይህ አካባቢ ዛሬ የማርስ ተመራማሪዎች መማሪያ ሆኗል። ማርስ ላይ ሕይወት ነበረ እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ የሚጠኑት እዚህ ነው። በ2019 አንድ ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ምልክት አገኘሁ ሲል፣ ሌላ ቡድን በከባዶቹ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። እደጃችን ባለ ኩሬ እንዲህ ከተለያዩ፣ ስለ ማርስ ከመናገር በፊት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አስቡት!

ስማችንም ከላይ አለ። ኅዳር 1 ቀን 2023 "ሉሲ" የተባለች መንኮራኩር ድንቅነሽ የሚል ስም በተሰጣት አንዲት ትንሽ የጠፈር ዐለት አጠገብ አለፈች። ዐለቷን የምትዞር ሌላ ጥንድ ዐለት አገኘች፤ ስሟም ሰላም ተባለ። በሾላ ገበያ ሁለት እናቶች "ድንቅነሽ! ሰላም!" ሲባባሉ የምንሰማው ስም ዛሬ በሰማይ ካርታ ላይ ተጽፏል።

ከሾላ ገበያ ወደ ሰሜን ቀና ቢሉ የእንጦጦ ተራራ ይታያል። በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። መንገዱን የጠረገው በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተነሥታ መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ ሥራዋ መሬትን፣ እርሻንና የአየር ጠባይን መመልከት ነበር። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ብትሆንም ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ሙያውን ቀስመውባታል። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች።

የተራበ ሰው ባለበት አገር ስለ ጠፈር ማውራት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ሰውን ማርስ ለመላክ ገንዘብ ማውጣት ዛሬ የኛ ሥራ አይደለም። ድርቅ ከመግባቱ በፊት የግጦሹን መድረቅ ከላይ አይቶ መንገር ግን የተራበውን ማገልገል ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የሰባቱን ዓመት ድርቅ በአላህ ማሳወቅ ቢያውቁም፣ እህሉን ማከማቸት የሰው እጅ ሥራ ነበር። ለማወቅ የተሰጠንን መሣሪያ ትቶ ድርቁ ሲመጣ መደንገጥ ተወኩል አይባልም።

ለወላጆች

የጠፈር ጉዞ ነገ የት እንደሚደርስ በእርግጥ አናውቅም። አንድ ነገር ግን በሒሳብ እንኳ መገመት ይቻላል፦ ዛሬ ሒሳብና ፊዚክስ ያልተማረ ልጅ ነገ እዚያ አይኖርም። የአንዲት ልጅ ድርሻ በሮኬት ማስወንጨፊያ አይወሰንም፤ የ11ኛ ክፍል ምርጫ በሚሞላበት ሳምንት በሱቅ ደጃፍና በማዕድ ዙሪያ ይወሰናል። ልጁ ሲጠይቅ አትሣቁበት። መልሱን ካላወቃችሁ "አብረን እንፈልግ" በሉት። የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ስትወጡ አብራችሁ አውጡት፤ ጨረቃዋ ለምን ቀጭን እንደሆነችም ይጠይቃችሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወደዚያው ሱቅ ተመለሰ። ሐጂም አጋጣሚ ሆኖ እዚያው ነበሩ። እላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ዝም ብለው አዳመጡ። ጠፈር ላይ ስለሚሰገደው ሰላት ሲሰሙ "ሱብሐነላህ!" አሉ። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞረው፦

"እንግዲያው ተማሪ ልጄ። ብቻ 'ይሆናል' ስትዪ 'ኢንሻአላህ' ማለቱን እንዳትረሺ።"

እናት ጨው እየሰፈረች ነበር። "ምርጫውንስ ሞልታ ሰጥታለች" አለች ቀና ሳትል። "እኔም ፈርሜያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የኔ ናት።"

ወላሁ አዕለም።